ሽታው ከጠፋ በኋላ

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ሌላ ሰው ጽፎት ባነበው እኔም አላምንም ነበር። ግን የደረሰው በእኔ ነው።

የአስፈሪ ታሪክ ወጉ ሆኖ ሁሉም ነገር በጨለማ ይጀምራል። መብራት ይጠፋል፣ ውሻ ያላዝናል፣ ምናምን...

የእኔ ግን በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከውጭ ጎረቤታችን የታጠበ አንሶላ ሲያራግፉ ይሰማኛል።

አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እኔ ሻይ ይዤ የክፍሉ በር ላይ ቆሜያለሁ።

ኮቴዬን ሲሰማ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

"ቀስ ይበሉ..." አለኝ። "ልጄ ተኝታለች።"

ከጎኑ ማንም የለም።

እዚያ ቤት የምንኖረው እሱና እኔ ብቻ ነን። ልጁ እኔ ነኝ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። አለበለዚያ እናንተም እንደ ወንድሜና እንደ እህቴ "አበደች" ብላችሁ ታልፉኛላችሁ።

አባቴ ዓይነ ስውር ነው። ሲወለድ ያይ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አልጋና ቁም ሳጥን ቫርኒሽ ሲቀባ የኖረ ባለሙያ ነው፤ እርጅና ሲመጣ የዓይኑ ብርሃን እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ጭራሽ ጠፋ። እናታችን ከሞተች ወዲህ አብሬው ያለሁት እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ሳሎን መስኮቱ ሥር ነው። እየሰፋሁ አባቴን እጠብቃለሁ፣ አባቴን እየጠበቅኩ እሰፋለሁ።

"መደምደሚያዬ" ነው የሚለኝ። ከእኔ በኋላ ፋብሪካው ተዘጋ ማለቱ ነው። ይሄን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደነገረኝ አትጠይቁኝ፤ በነገረኝ ቁጥር ግን ራሱ ቀድሞ ይስቃል።

ዓይኑ ሲጠፋ ሁሉን ነገር ለአፍንጫው አስረከበ። ወጥ ቤቱን በሽንኩርቱ ያውቀዋል። መታጠቢያ ቤቱን በእርጥበቱ። የራሱን ክፍል በወጣትነቱ በቀባው አሮጌ ቁም ሳጥን። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሄድ ግድግዳ እንኳ አይነካም ነበር።

እኔን ደግሞ በስፌት መኪናዬ ዘይት። አንዳንዴ ላታልለው ብዬ ጫማዬን አውልቄ፣ ትንፋሼን ይዤ ከኋላው እቆማለሁ።

"መደምደሚያዬ፣ ዛሬ ዘይቱን አብዝተሽዋል" ይለኛል፣ ሳይዞር።

እንደሱ የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም። ዓይን ያላቸው እንኳ እንደሱ አያዩኝም።

ታላቅ ወንድማችንን "ሊቀመንበሩ" ነው የምንለው። ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር ስብሰባውን ይመራል፣ ይወስናል፣ ይሄዳል። አንድ እሁድ ከታላቅ እህታችን ጋር መጣ። ገና ከበሩ ሳያልፍ አፍንጫውን ያዘ።

ቤቱ ይሸታል አለ። አባቴ እዚያው ተቀምጦ እየሰማው።

አልክድም፣ ይሸት ነበር። አባቴ አንዳንዴ ሽንት ያመልጠዋል፤ ፍራሹ ጠጥቶታል። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ውሃ ስቦ ሻግቷል። የመታጠቢያ ቤቱ ማፍሰሻም አየሩ ሲከብድ ያገሳል። ግን ያንን አንሶላ ማን እንደሚያጥበው የጠየቀ የለም። እህቴ መሀረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ አንቺም ዘይት ዘይት ትያለሽ፣ ለዚህ ነው ቤት ውስጥ የቀረሽው አለችኝ።

በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ሊቀመንበሩ ውሳኔውን አሳወቀ። በወሩ መጨረሻ ተመልሶ ይመጣል። ሽታው እስከዚያ ካልጠፋ አባቴ የአረጋውያን ማረፊያ ይገባል። ቦታም አስይዞለታል። አስቡት እንግዲህ፣ ቦታውን ካስያዘ በኋላ ነው ሽታውን ሊያሸት የመጣው።

ሲሄዱ አባቴ የእጄን አንጓ ያዘ።

"ከዚህ ቤት ካወጡኝ..." አለ ቀስ ብሎ፣ "የት እንዳለሁ አላውቅም።"

የትም አትሄድም አልኩት። ማልኩለት።

በነጋታው ጀመርኩ። ፍራሹን ጎትቼ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። አቼቶ በውሃ በጥብጬ ረጨሁበት፤ ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ ነሰነስኩበት፤ አራግፌ ደገምኩት። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ስቤ ሻጋታውን በበረኪና ፈገፈግኩ። ቁም ሳጥኑ ራሱ የዘመናት ሽታ ይዞ ነበርና ቫርኒሹ እስኪነሳ ፋቅኩት። ማፍሰሻው ውስጥ የፈላ ውሃ ደፋሁ። ምንጣፉን ጣልኩ። መጋረጃ፣ ብርድ ልብስ፣ ትራስ፣ የአባቴን ኮት ሳይቀር አጠብኩ። በየጥጉ ከሰል በቆርቆሮ አስቀመጥኩ፤ ከሰል የአየር ሽታ ይስባል ሲሉ ሰምቻለሁ።

መጀመሪያ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነበር። ዛሬ የለቀቀው ነገ ይመለሳል። እልህ ስለያዘኝ አልተውኩትም።

ራሴንም አልማርኩም። የእህቴ ንግግር ውስጤ ተሰክቶ ቀርቷል። ስሰፋ የምለብሰውን አሮጌ ጋወን ፌስታል ውስጥ ቋጥሬ፣ ቆሻሻ የሚያነሱት እንዲወስዱት ከበሩ ውጭ አስቀመጥኩ። ጠረን የሌለው ሳሙና ገዛሁ። ከስፌት በተነሳሁ ቁጥር እጄን እስከ ክርኔ በሎሚ አሸሁ።

ተሳካልኝ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወጥ ቤት ሆኜ አየሩን በረጅሙ ሳብኩ። ሽንት የለም። ሻጋታ የለም።

ሳሙናውም የለም... ሎሚውም የለም...

ምድጃው ላይ ሽንኩርት እያቁላላሁ ነበር። እሱም የለም።

ጉንፋን ይዞኝ ይሆናል ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ። የመንገዱ አቧራ፣ የመኪና ጭስ፣ የጎረቤት ሳሙና... ሁሉም ይሸተኛል። ደፉን አልፌ ስገባ ግን ቀጥ ይላል።

ቢሆንም ደስ አለኝ። ምን ልበላችሁ፣ ሌላ ነገር አልታየኝም። አባቴ አይሄድም።

ያን ቀን ከሰዓት ኮሪደሩ መሀል ቆሞ አገኘሁት። ሁለት እጁን ግድግዳው ላይ ዘርግቷል። በገዛ ቤቱ ግድግዳ ሲዳብስ አይቼው አላውቅም።

የት እንዳለ ጠየቀኝ። ቤትህ ነህ አልኩት።

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። አየሩን ሳብ አደረገ... ደግሞ ሳብ አደረገ።

"ማን ልበል?" አለኝ።

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም።

ክንዱን ይዤ ወደ አልጋው ስመልሰው እግዜር ይስጥልኝ አለኝ፤ "ይስጥሽ" አይደለም፣ "ይስጥልኝ" ነው ያለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ አንቱ ይለኝ ጀመር። እንደ ጨዋ እንግዳ። ሰው በገዛ አባቱ አንቱ ሲባል እንዴት እንደሚያም እኔ ነኝ የማውቀው።

በዚያ ሰሞን ከበሩ ውጭ ያስቀመጥኩትን ፌስታል አየሁት። ቋጠሮው ተፈቷል። ጋወኑ የለም። ፌስታሉ ባዶውን ነፋስ ያንኮሻኩሸዋል።

የቸገረው ሰው ወስዶት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ከዚያ አባቴ ያወራ ጀመር። ሳሎን ሆኜ ስሰፋ ከክፍሉ ይሰማኛል። ይጠይቃል... ትንሽ ዝም ይላል... ይስቃል። የፋብሪካውን ቀልድ ሲናገርም ሰማሁት። የሚመልስለት ድምፅ የለም። እኔ ስገባ ዝም ይልና ሰብሰብ ብሎ ይቀመጣል።

ሻይ ስወስድለት ለልጁም እንድጨምር በትህትና ይጠይቀኛል። ምን ላድርግ፣ ጨመርኩ። ስመለስ ሁለቱም ብርጭቆዎች ባዶ ናቸው። ሁለቱንም እሱ ጠጥቷቸው ነው አልኩ።

በሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ግን የጣት አሻራ ነበር። የዘይት አሻራ።

ሽታ እንዲመለስ ያልሞከርኩት የለም። ሽታ የማጥፋት ዘዴ ሞልቷል፤ የጠፋውን መልሱልኝ ብትሉ ግን የሚነግራችሁ አታገኙም። ከሰሉን አውጥቼ ደፋሁት። መስኮቶቹን ዘጋሁ። ወተት ሳልሸፍን ወጥ ቤት ተውኩት። ረጋ፣ ቀለሙ ተለወጠ፣ ሻገተ... አንዳች ሽታ የለውም። ዝንብ እንኳ አላረፈበትም።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ልብስ ሲያሰጡ ተገናኘንና ወቀሱኝ። ትናንት በመስኮታችሁ ሳልፍ ሰላም ብልሽ ዝም አልሽኝ፣ አባትሽ አጠገብ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ተቀምጠሽ አሉኝ።

ትናንት በዚያ ሰዓት እኔ ጨርቅ ልገዛ ገበያ ነበርኩ።

"ምን ለብሼ ነበር?" አልኳቸው።

"ያንን የሥራ ጋወንሽን ነዋ" አሉኝ።

ይቅርታ ጠይቄያቸው ገባሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ ዘጠኝ ሰዓት የዚያኑ ዕለት ነው። ሻዩን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩና ፊቱ ተንበረከክሁ።

"አባዬ፣ ልጅህ እኔ ነኝ። ድምፄን ስማ።"

ራሱን ነቀነቀ። ያዘነልኝ ይመስላል። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ድምፅ ማንም ያስመስላል" አለኝ በሹክሹክታ። "ጠረን ግን አይዋሽም። እርስዎ... ምንም ምንም አይሉም።"

"መቼ ነው የመጣችው?"

"ቤቱ ባዶ የሆነ ለት።"

"ታወራሃለች?"

"ማውራት ምን ያደርግልኛል?" አለ። "አጠገቤ ናት።"

ከጎኑ ያለውን አልጋ አየሁ። ጠዋት ራሴ ነኝ ጥርት አድርጌ ያነጠፍኩት። አሁን የትራሱ መሀል ጎድጉዷል። አንሶላውም ከትራሱ ጀምሮ እስከ ግርጌው ሰርጉዷል፤ የሰው ቁመት ያህል።

የእኔን ቁመት ያህል።

እያየሁት... ጎድጓዳው ቀስ እያለ ሞላ።

አልጋው ሲጥ አለ።

የአባቴ ፊት ዞረ። አፍንጫው እየመራው ከአልጋው ወደ ወለሉ... ከወለሉ ወደ በሩ... ወደ እኔ።

ከዚያ አለፈኝ።

በዚያ ቤት ውስጥ ከስንት ጊዜ በኋላ ሽታ ሸተተኝ። የስፌት መኪና ዘይት። ከሥሩ የፀጉር ቅባቴ፣ ላቤ። የራሴ ጠረን ነው። ትከሻዬን ታክኮ ወደ ሳሎን ወጣ።

ሳሎን ውስጥ የስፌት መኪናዬ ጥቂት ሮጠ።

ቆመ።

ፈራሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ቅናትም ነበረበት። እኔ ባጠብኩት አንሶላ ላይ ሌላዋ ልጅ ሆና ተኝታ እኔ እንግዳ ልሁን? የዘይት ጠርሙሴን ከመሳቢያው አወጣሁ። ሞልቶ ያስቀመጥኩት ጠርሙስ ጠብታ የለውም። ሱቅ ሮጬ ሌላ ገዛሁ። እጄን፣ አንገቴን፣ ቀሚሴን ተቀብቼ አባቴ ጋ ገባሁ። እጁን ይዤ ጉንጬ ላይ አደረግኩት።

አሸተተኝ። ለአፍታ ፊቱ በራ።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ሸሸ።

"ላይ ላዩን ነው" አለ። "ከሥሩ ማንም የለም።"

ወሩ አለቀ። ሊቀመንበሩና እህቴ መጡ።

ሊቀመንበሩ እንደ ተቆጣጣሪ ክፍል ለክፍል እየዞረ አሸተተ። ፍራሹ ላይ ጎንበስ አለ። የመታጠቢያ ቤቱን ማፍሰሻ ሳይቀር አየ። ከዚያ ጎበዝ አለኝ። ተወልጄ ከአፉ ጎበዝ ሲወጣ የሰማሁት ያኔ ነው። አባታችን እዚሁ እንዲቆይ ተወሰነ፣ ጉባኤው አበቃ።

እኔም ሞኟ ተደሰትኩ። አብሮኝ ይቆይ እንጂ ቀስ በቀስ ያውቀኛል ብዬ።

እህቴ ልትሰናበተው ጎንበስ አለች። የእሷን ሽቶ ያ ቤት እንኳ ሊያጠፋው አልቻለም፤ አባቴ ወዲያው አወቃት። እጇን ጨብጦ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። ሹክ የሚል መስሎት ነበር፣ ግን ሁላችንም ሰማነው።

"ይቺን ሴትዮ አስወጡልኝ" አላት። "ልጅህ ነኝ እያለች ታስጨንቀኛለች። ልጄ ይቺው፣ አጠገቤ አለች።"

ሊቀመንበሩ ባዶውን ቦታ አየ። ከዚያ እኔን አየ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋወኑን፣ ብርጭቆውን፣ የጎደጎደውን ትራስ። በተናገርኩ ቁጥር ፊታቸው እየተዘጋ ሄደ። ሳልጨርስ ሊቀመንበሩ አዲስ ውሳኔ አሳለፈ፤ ተጧሪው ጧሪውን ካላወቀ፣ ጧሪዋም የሌለ ነገር ማየት ከጀመረች፣ አባታችን ዛሬውኑ ይሄዳል።

እግሩ ላይ ወደቅኩ። ለዚያ ሰው እግሩ ላይ ወደቅኩ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል፤ እህቴ መሀረቧን ስታወጣ ልታለቅስልኝ ነው ብዬ ነበር። አፍንጫዋን ጠረገችበት።

ከዚህ ቤት አታውጡኝ ይል የነበረው አባቴ ግን አልተቃወመም። "እሷ አብራኝ ከመጣች እሄዳለሁ" ብቻ አለ።

እኔን ማለቱ መሰላቸው።

"ትመጣለች" አለው ሊቀመንበሩ፣ ነገሩን ለማለፍ ያህል።

የመድኃኒት ቦርሳውን ላመጣ ወደ ውስጥ ገባሁ። ቢያንስ እስከ በሩ አብሬው እሄዳለሁ፣ መድኃኒቱን መቼ መቼ እንደሚወስድ እነግራቸዋለሁ ብዬ። ስወጣ ሊቀመንበሩ መኪናው ውስጥ መሪውን ይዞ ተቀምጧል። እህቴ ከጎኑ ናት። አባቴ የደጁን ደረጃ እየወረደ ነው።

ብቻውን።

አባቴ ያንን ደረጃ ያለ እኔ ክንድ ወርዶት አያውቅም። አሁን ግን እግሩ አልተደናቀፈም። ክርኑን ወደ ጎን አውጥቶ ይዟል። የኮቱ እጅጌ እዚያ ቦታ ላይ ተጨምድዷል፣ ሰው ጨብጦ ሲይዘው እንደሚጨማደደው።

የመኪናው የኋላ በር ክፍት ነበር። ገባ። ተቀመጠ።

ከዚያ ወደ ውስጥ ጠጋ አለ... ለሚቀጥለው ሰው ቦታ ለቀቀ።

ልጠራው አፌን ከፈትኩ።

ሊቀመንበሩ ስልኩን እያየ ነበር። ሲያናግረኝ ዞሮ አያየኝም፤ ድሮም እንዲሁ ነው።

"ገባሽ?" አለ። "በሩን ሳብ አድርጊው።"

እኔ ደረጃው አናት ላይ ነኝ። የመድኃኒቱ ቦርሳ በእጄ ነው።

በሩ ከውስጥ ተሳበ።

ተዘጋ።

መኪናው ሲነሳ በኋላው መስታወት አባቴን አየሁት። እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው ራሱን ወደ ጎን ጣል አደረገ... ባዶው ወንበር ላይ።

አልወደቀም። እዚያው እንደተደገፈ ሄደ።